ደንገጎ ደርሻለሁ

ባሌ አብዲራሺድ መንገድ ላይ ሲሆን ይዋሻል። በሌላው ነገር እንከን የማይወጣለት ሰው ነው፤ መኪና ውስጥ ከገባ ግን አይታመንም። አዋሽ ሆኖ አሰበ ተፈሪ ደርሻለሁ ይለኛል። አሰበ ተፈሪ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ሂርናን አለፍን ይለኛል። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ የድሬ መንገደኛ ሁሉ እንዲሁ ነው። ቤት ያለው እንዳይጨነቅ ተብሎ አንድ ሁለት ከተማ ወደፊት ይዘለላል፤ ቤት ያለውም ጸባዩን ያውቃልና አንድ ሁለት ከተማ ወደኋላ ይቀንሳል። ተዋውቀን ነው የምንዋሸው።

አብዲራሺድ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ እዚያ የተከራየው ክፍል አለ። እኔና ልጆቹ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ከእናቱ ጋር እንኖራለን። ልጆቹ አያታቸውን በሶማሊኛ አዬዮ ስለሚሏት እኔም አዬዮ ነው የምላት። እሱ በየሁለት ሳምንቱ በአባዱላ ሚኒባስ ይመጣል፤ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ እኛ እንሄዳለን። ስንሄድ የድሬ ጣፋጭ፣ ሐልዋና ሙሸበክ፣ ስንመለስ የአዋሽ ከሰልና የቁልቢ ድንች ተጭኖብን፣ ጉልበታችን ከአገጫችን ተጣብቆ ነው የምንጓዘው። ሁለት ቤት ያለው ሰው አንዱ ቤት ሁልጊዜ ጨው ይጎድለዋል።

እውነቱን ለመናገር ግን መንገዱን እወደዋለሁ። ከሁሉም ደንገጎን፣ ወደ ድሬ የሚያወርደውን ተራራ። ቁልቢ ላይ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ ደንገጎን መውረድ ስንጀምር የድሬ ሙቀት በመስኮት ይገባና ሰው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል። አኩርፎ የመጣው ሳይቀር ወሬ ይጀምራል። ጠመዝማዛውም ገደሉም እዚያው ነው፤ እኛ ግን ቤታችን ስለሸተተን ገደሉን አናየውም። ገደሉን የማየው ቤት ስቀመጥና እሱ መንገድ ላይ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ እፈራለሁ፤ ሩዝ እየለቀምኩ እፈራለሁ፣ ልብስ እያሰጣሁ እፈራለሁ።

አንድ ጊዜ ሲመጣ ደንገጎ ደርሻለሁ ብሎኝ ምሳ አቀረብኩ። ምሳው ቀዘቀዘ፣ የዐስር ሰላት ሰዓት አለፈ፣ ስልኩ አይነሳም። ሲመሽ እየሳቀ ገባ። እኔ ግን አልሳቅኩም። "ሁለተኛ የሌለህበት ቦታ አለሁ እንዳትለኝ፣ ማል!" አልኩት። አዬዮ እየሰማች፣ "ወላሂ፣ ከእንግዲህ የት እንዳለሁ እውነቱን ነው የምነግርሽ" ብሎ ማለ። አብዲራሺድ በወላሂ ቀልዶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ጉዞው፣ ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ከቀትር በኋላ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል።

"የት ደረስክ?"

"ደንገጎ ደርሻለሁ። አብሽሪ፣ መጣሁ" አለኝና ተቋረጠ።

ስለማለ ምንም አልቀነስኩም። ልጆቹን አጠብኩ፣ ሰላጣ መክተፍ ጀመርኩ። ሰላጣውን ሳልጨርስ ጎረቤታችን ጋሽ ገብረ መድኅን ባጃጁን በራችን ላይ አቁሞ፣ ሳይወርድ አዬዮን በዓይኑ ጠራት። እኔን ያልጠራበት ምክንያት ወዲያው ገባኝ።

"ምንድን ነው? ለኔ ንገረኝ!" አልኩት።

"አቦ ቱሪያ፣ ሰው ነው ያወራው፤ ላይሆንም ይችላል" አለ። "ደንገጎ ላይ አንድ አባዱላ ተገልብጧል። ከአዲስ የሚመጣ ነው አሉ።"

ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። አዬዮ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችና፣ "ሂጂ፤ ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው" አለችኝ።

ጋሽ ገብረ መድኅን ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ወደ ሆስፒታሉ ይነዳል። እኔ ግን ውስጤ ይለፈልፋል። ድሮ ቢሆን፣ ደንገጎ ካለኝ ገና ቁልቢ ነው ብዬ እቀንስ ነበር። ቀንሼ እተርፍ ነበር! አሁን ግን ምሏል። ያስማልኩት እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ያን ቀን የለመንኩት እንዳይጠራ ነው። "ያ ረቢ፣ ባሌን ውሸታም አድርግልኝ" ብዬ ዱዓ አደረግኩ። መሐላውን አፍርሶ ይሁን፣ ወላሂን ረግጦ ይሁን፣ ብቻ የሌለበትን ነግሮኝ ይሁን። እንዲህ ያለ ዱዓ ይሰማ አይሰማ አላውቅም።

የሆስፒታሉ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጥበቃው አያስገባም። አምቡላንስ ሲመጣ ሁላችንም ወደ መስታወቱ እንሮጣለን፤ መጋረጃውን እንጂ ሰው አናይም። አጠገቤ የቆመች ኑኃሚን የምትባል ልጅ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ወንድሟ ነው መንገድ ላይ ያለው።

"ያንቺስ የት ደርሻለሁ አለሽ?" አለችኝ።

"ደንገጎ።"

"የኔ ገና ቁልቢ ነኝ ነው ያለኝ። ቁልቢ ካለ ደግሞ ሂርና ነው፣ አይደል? ሁልጊዜ ይጨምራል እኮ።"

"አዎ፣ ይጨምራሉ" አልኳት። እሷ የምትቀንሰው ነበራት፤ ቀናሁባት።

አንዲት ነርስ ወጥታ የተጎጂዎችን ስም መጥራት ጀመረች። የመጀመሪያውን ስም ስትጠራ ጆሮዬን መያዝ ፈለግኩ። የሴት ስም ነው። ሁለተኛው የማላውቀው። ሦስተኛው ላይ ኑኃሚን ጮኸች። የቁልቢው ወንድሟ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኋላ ዋሽቶ፣ ሳትጠብቀው በር ላይ ሊቆምባት ፈልጎ ይሆናል። "በሕይወት አለ፣ እግሩ ነው፣ አለ" እያለች ነርሷ ይዛት ገባች። የኔ ስላልሆነ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ፈራሁ። ነርሷ ገና መናገር ያልቻሉ፣ ማንነታቸው ያልታወቀ አሉ ብላ ነበርና።

ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አላነሳሁም፤ ፈራሁ። ጋሽ ገብረ መድኅን ከእጄ ወስዶ አነሳና ጆሮዬ ላይ አደረገው።

"ቱሪዬ" አለ አብዲራሺድ። "የሰው ስልክ ነው፣ የኔ ባትሪ ጨርሷል። መንገድ ተዘግቷል አሉ፤ እናመሽ ይሆናል።"

"የት ነህ?"

"ልጆቹ ደህና ናቸው?"

"አንተ! የት ነህ?"

"ቁልቢ ልንገባ ነው። ቅድም… ቅድም ሂርና ነበርኩ። ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ ነው። ወላሂ ብዬሽ ነበር፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

"ውሸታም!" ብዬ ጮህኩ። "ውሸታም! አንተ ውሸታም!" እያለቀስኩ እስቃለሁ። ጥበቃው፣ "እህቴ፣ ሆስፒታል ነው" አለኝ። ጋሽ ገብረ መድኅን ፊቱን ወደ ባጃጁ አዙሮ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ይጠርጋል።

መሐላ ያፈረሰ አሥር ምስኪን ማብላት አለበት። በማግስቱ ድስቱን እኔ ጣድኩ። እሱ ልርዳሽ ቢል ከወጥ ቤት አባረርኩት። ሥጋ አበዛሁበት፣ ዘቢብ ጨመርኩበት፤ ለሠርጌ እንኳ እንዲህ ያለ ሩዝ አልተሠራም። ለኑኃሚን ወንድምም በሳህን ሸፍኜ ሆስፒታል ወሰድኩለት። አዬዮ እንግዶቹን ሸኝታ ስትመለስ፣ "አሁንስ ይማልልሽ?" አለችኝ። "እንዳይምል!" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ግን መቀነሱም አልሆነልኝም። ሂርና ነኝ ካለኝ ሂርና ላይ እፈራለሁ፤ ቀንሼ አሰበ ተፈሪ ላይም እፈራለሁ፤ ጨምሬ ደንገጎ ላይም እፈራለሁ። ፍርሃቱ መንገዱን ሙሉ ተቀመጠበት። ባለፈው ሐሙስ ደወለ።

"የት ደረስክ?" አልኩት።

"የት ነኝ ብልሽ ይሻልሻል?" አለኝ።

"ቤት ነኝ በለኝ።"

"ቤት ነኝ፣ ቱሪዬ" አለ። ከድምፁ ጀርባ የመኪናው ሞተር ያጓራል። እሺ አልኩትና ስልኩን ሳልዘጋ በሩ ላይ ቆምኩ።