የተማኙ መኪና

ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ለአራተኛ ጊዜ ከጉምሩክ ቢሮ ወጣች። ልጇ ከውጭ የላከችላት መኪና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለች፣ በሯም ተጋጭቶ የጎደጎደ ናት። ዋጋ ተማኙ ግን የግዢ ደረሰኙን ገፋ አድርጎ፣ «እትዬ፣ የመኪና ዋጋ ሰንጠረዡ ከዚህ አይወርድም» አለና የአዲስ መኪና ያህል ቀረጥ ጻፈባት።

በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ እግሯን ስታሳርፍ፣ ያው ተማኝ መኪናው አልነሳ ብላው ብቻውን ሲገፋ አየችው። የመኪናው ዓይነትም ዓመተ ምርትም ከእሷ መኪና ጋር አንድ ነው። አንጀቷ አልችል አላትና ቦርሳዋን አንግታ ከኋላ ገፋችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ይቺ ጣጣ በየሳምንቱ እንዲህ ታደርገኛለች፤ ልሽጣት ብልም የሚገዛኝ የለም።»

«የኔዋን ግን የአዲስ ዋጋ አወጣህላት፣ ልጄ።»

ተማኙ ላቡን ጠረገ።

«ባለፈው ወር ለአንዱ ዝቅ አድርጌ ጻፍኩለት። አለቆቼ ለእሱም አልቀነሱለት፣ እኔንም ደመወዝ ቀጡኝ።»

አዋላጇ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። ማታ ለልጇ ደወለችና፣ «መኪናዋን እዚያው ለጉምሩክ ተውኩላቸው፣ የኔ ልጅ፤ እኔ እንደሆንኩ አውቶቡሱን ለምጄዋለሁ» አለቻት።