ላሟን የመለሰው ሰው

ሎሜሪ አንዲት ላምና ሁለት ጊደሮች እየነዳ ወደ ናፔዮክ ሰፈር ሲመጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጠመንጃ አልያዘም። ናፔዮክን ያስደነገጣት ይኸው ነው። ከብት ዘራፊዎቹ ካሉበት ከተራራው ማዶ ባዶ እጁን የሚመጣ ወንድ፣ ጠመንጃ የያዘለት ሌላ ሰው ከኋላው አድፍጧል ማለት ነው።

የሟች ባሏ ወንድም ኤካል የሰፈሩ አለቃ ነው። ጎረምሶቹ ቁጥቋጦውን እንዲያስሱ ላከና ሰውየውን አንበረከከው።

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ውሸታም! እናንተ መቼ ብቻችሁን መጥታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እውነትህን ነው። እኔም የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።»

አንዱ ሽማግሌ ሊስቅ ዳዳውና ዋጠው።

ናፔዮክ ላሟን ዞረቻት። የግራ ጆሮዋ ላይ ያለው የብጥ ምልክት ባሏ ሎክዋዊ በገዛ ቢላው ያወጣው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ንጋት ላይ መንጋው ተዘርፎ ሲነዳ እሱ በጥይት ወደቀ፤ ላሟም ከዚያ ወዲህ አልታየችም። ናፔዮክ እንደ ድሮው በምላሷ ጠራቻት። ላሟ ዞር አለች። ናፔዮክ የላሟን አንገት አቀፈች። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት፦ የዘረፈውን የሚመልስ ማን ነው? በሽታ አስይዘዋት ይሆናል። አፏን ከፍታ አሸተተች፤ ጡቷን ዳሰሰች። ምንም የለም።

«ለምን አመጣሃት?»

«ተጠመቅሁ። ጌታን ካመንኩ ወዲህ እሷን ባየሁ ቁጥር ጸሎት እምቢ አለኝ። ጊደሮቹ እኛ ዘንድ የወለደቻቸው ናቸው።»

«ሰባኪያችሁ ነው የላከህ?»

«እሱስ ‹ይገድሉሃል፣ ተው› ብሎ ለምኖኛል።»

ናፔዮክ ራሷ ክርስቲያን ናት። እሑድ እሑድ ግራሩ ሥር መዝሙር የምታወጣው እሷ ናት፤ «የጠላቶቻችንን ልብ ለውጥልን» ተብሎ ሲጸለይም ከማንም በላይ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። ልቤ ተለወጠ የሚል ጠላት ፊቷ ተንበርክኮ ሲያወራ ግን አንዷን ቃሉን እንኳ አላመነችም።

ጎረምሶቹ ተመለሱ። ከአንድ ሰው ዱካ በቀር ያገኙት የለም። ኤካል ይበልጥ ተጠራጠረ። «ሰላይ ነው» አለ። «ሌሎቹ ይከተላሉ።» ላሟን አልበው ወተቱን መጀመሪያ እሱ እንዲጠጣ አዘዙት። ጭልጥ አደረገው። ሆዱን እስኪቆርጠው ጠበቁ። አልቆረጠውም።

በሦስተኛው ቀን «ሥራ ስጡኝ» አላቸው። ደረቁ ወንዝ ላይ ውኃ የሚወጣበት የአሸዋ ጉድጓድ ነበረና ኤካል ደስ አለው፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው የትም አይሮጥም። ሎሜሪ ሦስት ሰው የሚያህል ጥልቀት ወርዶ እየቀዳ፣ ናፔዮክ ከላይ በገመድ ትስባለች። አንድ ነገር ሲከነክናት ሰንብቷል። ሰውየው ኤካልን እንኳ ዓይን ዓይኑን እያየ ነው የሚያወራው። እሷን ሲያይ ግን ወደ መሬት ያቀረቅራል። ሌሎቹ ፍየሎቹን ይዘው ራቅ ሲሉ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለች።

«ላሟ ስትነዳ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ባሌን ማን ተኮሰው?»

የባልዲው ድምፅ ቆመ።

«እናቴ፣ ልውጣና...»

«እዚያው ሆነህ ንገረኝ!»

«እኔ ነኝ።»

እግሯ ሥር ተቆፍሮ የወጣው እርጥብ አሸዋ ተቆልሏል። ሰውየውን ለመቅበር አንድ ግፊት ይበቃል።

«ሦስት ቀን ሙሉ ወተቴን ስትጠጣ ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ። ላሟን መመለስ ይቀላል። ይኼኛውን የምመልስበት የለኝም።»

እግሯን ክምሩ ላይ አሳረፈች። አሸዋው ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ሎሜሪ አልጮኸም፤ ክንዶቹን አናቱ ላይ አድርጎ «ጌታ ሆይ ማራት» ሲል ሰማችው። ማራት? ማንን? የሚያስመስል በሆነ ብላ ተመኘች። ያኔ ይቀላት ነበር። ግን የሚያስመስል ሰው የሚያስገድለውን ነገር በገዛ አፉ አይናገርም። እግሯን አነሳችና አሸዋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለሎክዋዊ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም።

«ውጣ» አለችው በመጨረሻ ገመዱን አጥብቃ ይዛ። «ይቅር ብዬህ አይደለም። ዝም ብለህ ውጣ!»

ገዳዩ እሱ መሆኑን ለኤካል የነገረችው ራሷ ናት። ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ሴትዮ፣ አዙሮብሻል! የወንድሜን ደም በወተት ሸጥሽው?»

«ወንድምህ ለእኔ ባሌ ነው። ከተኮስክ እኔን አልፈህ ነው።»

ከሎሜሪ ጀርባ ተጠግታ፣ በገዛ ሰውነቷ ጋርዳው እስከ ተራራው መተላለፊያ ሸኘችው። መንገዱን ሙሉ ዓይኗ ከእጆቹ አልተነሳም።

«ለምን አወጣሽኝ?» አላት ሲለያዩ።

«ያወጣህ ጌታ ነው። እኔ ገና ነኝ።»

ቁልቁል ስትመለስ ከኋላዋ ተኩስ እየጠበቀች ጀርባዋ በላብ ተነከረ። አልተተኮሰም።

በሚቀጥለው በጋ ድርቁ ማዶም በረታ። ሎሜሪ ሚስቱንና አምስት ጎረቤቶቹን ይዞ፣ ጀሪካን ብቻ አንጠልጥለው ውኃ ሊለምኑ መጡ። ኤካል ዘብ አቆመባቸው፤ ናፔዮክም አብራ ቆመች። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ከፍታ ውስጣቸውን አየች። ከዚያ የሎሜሪን ሚስት እጅ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች።

«እዚህ ጋ ቆፍሩ» አለቻት። «ወዲያ ያለው ጨው ጨው ይላል።»