ዝናብ ይምጣና እንሄዳለን

፩

«ደረስን?»

«ደርሰናል።»

«እሺ፣ ምን ይታይሃል?»

አጥር ይታየዋል። አጥሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ *የድርቅ ቻይ ተክሎች መናፈሻ። መግቢያ በነጻ።* እሱ ግን «በር ነው» አላት።

፪

ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ሁሉም ጋሽ ደምሰው ይለዋል። እኔ ስለተናደድኩበት እዚህ ደምሰው ብቻ ነው። ጡረታ እስኪወጣ የውሃ ቦቴ ሲነዳ ኖረ። ጉድጓዱ በደረቀበት ቀበሌ ሁሉ ጀሪካን ደርድረው የሚጠብቁት፣ ሲደርስ የሚመርቁት ሰው ነበር። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኔም ሰድቤው እገላገል ነበር።

ሚስቱ ተናኜ ትባላለች። መናፈሻው ከሰፈራቸው ብዙም ሳይርቅ ሲከፈት አንድ ነገር ለመነችው፦ አብረን ሄደን እንየው።

፫

በኅዳር፦
«እሬቱ ሊያብብ ነው አሉ። አንሄድም?»
«ምን አስቸኮለሽ? ዝናብ ይምጣና እንሄዳለን።»

በታኅሣሥ፦
«እነ ብዙነሽ አይተውት መጡ።»
«በነጻ የሚያሳዩት ምን ቢሆን ነው? እሾህ እንደሆነ በቦቴ መስኮት ስጠግብ ኖሬያለሁ። ዝናብ ይምጣና።»

በጥር፦
«ደምስ፣ ዛሬ እሑድ ነው።»
«ዝናብ ይምጣና አልኩሽ እኮ!»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም።

፬

ብቻዋን ለምን አልሄደችም? ትሉኛላችሁ። እኔም ብያለሁ። መልሱ ቀላል ነው፤ ማየት የፈለገችው ከእሱ ጋር ነው። ዕድሜውን መንገድ ላይ የጨረሰ ባል፣ ለሽርሽር ይዟት ወጥቶ አያውቅም።

ዝናብ ለምን? ትሉኛላችሁ ደግሞ። እሱም ቀላል ነው። ለደምሰው አትክልት ማለት ልምላሜ ነው። ውሃ ሳይነካው የሚያምር ነገር አለ ብትሉት ይስቅባችኋል። እንግዲያው የሚያምርበትን ቀን እየጠበቀላት ነበር። ለእሷ ብሎ ነው።

እዚያ ያለው እሬት የሚያብበው ግን በበጋ ነው። ማንንም አልጠየቀም።

፭

ዓይኗ።

መርፌ ማስገባት ሲያቅታት መብራቱን ትወቅስ ነበር። ጎረቤት ሳትለይ ስታልፍ «ኮራችብን» ተባለች። ሐኪም ቤት ስትሄድ ጊዜው አልፏል። የዓይን ግፊት ነው አላቸው ሐኪሙ፣ የጠፋው አይመለስም። በሰኔ አንዱም ዓይን አልቀረላት።

በሐምሌ ዘነበ።

ደምሰውም ኮቱን ለብሶ «ተነሺ፣ እንሂድ» አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

፮

መመሪያ፦ ዓይነ ስውር የምትመራ ከሆነ እጇን ይዘህ አትጎትታት። ክንድህን ስጣት፣ እሷ ትያዝህ። ግማሽ እርምጃ ቅደም። ደረጃ ሲመጣ ተናገር። ያየኸውን ንገራት። ያላየኸውን…

፯

ተናኜን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ፣ ራቅ ብሎ ጥበቃውን ጠየቀው።

ደምሰው፦ አበባው የታል?

ጥበቃ፦ አበባውማ አለቀ አባቴ። ምነው በጥር ብትመጡ! ኮረብታው እሳት የተያያዘ ነበር የሚመስለው።

ደምሰው፦ አንድ እንኳ?

ጥበቃ፦ አንድም የለ። ዝናቡ በዝቶበት ይኸው ሥሩ እየበሰበሰ አስቸግሮናል። እንዲህ ያለው ተክል ውሃ ሲበዛበት አይወድም።

ደምሰው፦ ዝናብ ነው የጠበቅኩት እኮ።

ጥበቃ፦ ምን አሉኝ አባቴ?

ደምሰው፦ ምንም።

፰

ሲመለስ ተናኜ ፊቷን ወደ ኮረብታው አዙራ ጠበቀችው። በትክክል ወደ ኮረብታው።

«አብቧል?»

እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። ምስክሩ እኔ ነኝ፣ ከፍቷል።

«አብቧል» አለ።

«እሰይ! ቀለሙስ?»

«ቀይ ነው። ኮረብታው... እሳት የተያያዘ ይመስላል።»

«ውይ፣ በሞትኩት!» ሳቀች። «በዝናብ ይሻላል ስትለኝ አላመንኩህም ነበር እኮ። ይቅር በለኝ ደምስ፣ በሆዴ ስንት ጊዜ አማሁህ።»

ይቅርታ እሷ ጠየቀችው! ደምሰው አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። ምነው ያኔ፣ በዚያች እሑድ፣ እግሬ ተሰብሮም ቢሆን ተሸክመው እዚህ ባደረሱኝ አለ በሆዱ። እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም። ከማን ይደብቀዋል?

፱

«አስጠጋኝ» አለች።

«ወዴት?»

«ወደ አበባው ነዋ! አንዱን ብቻ ልንካው። አልቀጥፈውም፣ አትፍራ።»

ክንዱን ይዛ ተነሳች። ግማሽ እርምጃ መቅደሙ ቀርቶ እሷ ቀደመችው። እሬቱ አጠገብ ሲደርሱ ቆመ፤ እሷም ቆመች። ፊት ለፊቷ ያለው ዳር ዳሩ እሾህ የሆነ ቅጠልና በጥር አብቦ አሁን የደረቀ የአበባ አገዳ ነው።

እጇን ዘረጋች።

አንባቢዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። አሁን የያዘችው ያንተን ክንድ ነው፤ መልሱን አንተ ስጣት።

«ደምስ? የታለ?»

፲

«……………»