ከውሃ ላይ የተነሳችው ድሮን

"ከሣሩ ላይ አታስነሳትም ብዬሃለሁ" አለች የፓርኩ ጥበቃ፣ ጣቷን የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ተክላ። "ሰው ካለበት በላይ ድሮን ማብረር ክልክል ነው ይላል። ሣሩ ደግሞ ሰው በሰው ነው።"

ካሜራማኑ ዙሪያውን አየ። እውነቷን ነው። በአንድ በኩል ለሽርሽር የመጡ ተማሪዎች፣ በሌላ በኩል የሠርጉ አጃቢዎች ሜዳውን ሞልተውታል። ይህን ፈቃድ ለማግኘት ስንት ቢሮ ተመላልሷል። የምታገባው ታናሽ እህቱ ናት፤ እናታቸው ወገቧን ታማ አልጋ ላይ ስለሆነች ሠርጉን የምታየው እሱ በሚወስድላት ፊልም ብቻ ነው። "ከላይም ከታችም፣ ሁሉንም አሳየኝ፤ ምንም እንዳትቆርጥ" እንዳለችው ለጥበቃዋ ሳይቀር ነግሯታል።

"ታዲያ ከየት ላስነሳት፣ እትዬ?"

ኩሬውን በአገጯ አመለከተችው። "እዚያ ሰው የለም።"

የሥራ ባልደረቦቿ "እትዬ ደንብ" የሚሏት በከንቱ አይደለም። ፈቃዱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የፊልሙ ቅጂ ለፓርኩ ቢሮ ይገባል እስከሚለው ድረስ ጮክ ብላ አንብባለታለች። ካሜራማኑ ክርክሩን ትቶ ከፓርኩ ቀዛፊ ጋር ጀልባ ላይ ወጣ፤ ድሮኗን ከኩሬው መሃል አስነስቶ ወደ ዳር ተመለሰ። ቀዛፊውም ጀልባውን አስሮ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ሙሽሮቹ ኩሬው ዳር ቆመው ሲሳሳቁ ድሮኗ ከውሃው በላይ ሆና ትቀርጻቸው ጀመር። ጥበቃዋ ከካሜራማኑ አጠገብ ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ይህች ሴት ከደንብ ሌላ አንድ አመል አላት፤ የማታውቀውን ነገር ሳትጠይቅ ማለፍ አይሆንላትም። ነፋስ አይጥላትም ወይ? ወፎችስ አይጣሏትም? እሱም ደስ ብሎት መለሰላት። ሰው ሁሉ አሳምረህ አንሳኝ ይለዋል እንጂ ስለ ሥራው የጠየቀው የለም።

"ባትሪዋ ቢያልቅስ?"

"ሊያልቅ ሲል ራሷ ትመለሳለች።"

"ወዴት እንደምትመለስ በምን ታውቃለች?"

"የተነሳችበትን ቦታ ትይዛለ..."

ሁለቱም እኩል ወደ ኩሬው መሃል ዞሩ። በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያ መጮህ የጀመረው ያኔ ነበር።

ድሮኗ ሙሽሮቹን ትታ የተነሳችበት ቦታ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ቀስ እያለች መውረድ ያዘች። በጣቱ ገፍቶ ወደ ላይ መለሳት። ለጥቂት ደቂቃ እንጂ ብዙ እንደማትቆይ ያውቃል።

"ፊልሙስ?" አለች።

"እዚያው ውስጧ ነው።" ወደ ሣሩ ዞረ። "በልጆቹ በላይ ላሳልፋትና ሣሩ ላይ ላሳርፋት። አንዴ ብቻ ይፍቀዱልኝ፣ እትዬ።"

ልጆቹ ግን የድሮኗን ድምፅ ሰምተው ዳሩን ጥቅጥቅ አድርገው ሞልተውታል፤ መምህራቸው ብትጮህም የሚሰማት አልነበረም። ጥበቃዋን እሺ ማለት አማራት። ማን ያያታል? ነገር ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት እዚሁ ሣር ላይ አንዲት ድሮን የትንሽ ልጅ ግንባር ላይ ወድቃ ነበር። ደሙን ያጠበችው እሷ ናት።

"አይሆንም" አለችው።

ቀዛፊው ከምሳ አልተመለሰም፤ ካሜራማኑም መቆጣጠሪያውን መልቀቅ አይችልም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከውሃው ላይ አስነሳ ያለችው እሷ፣ በጥያቄ የያዘችውም እሷ ናት። በሥራ ሰዓት የቆሙበትን ቦታ መልቀቅም ክልክል ነው። እሷ ያንን ደንብ አንድም ቀን አፍርሳ አታውቅም። ወደ ጀልባው ሄዳ ገመዱን ፈታች።

ቀዛፊው ሲቀዝፍ ስታይ ዓመታት አልፈዋል፤ ማየትና መሥራት ግን ለየቅል ናቸው። ጀልባው ባለበት ሁለት ጊዜ ዞረ። አጃቢዎቹ የሠርጉ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። "የባሰ አታምጣ" እያለች ቀዘፈች፣ መቅዘፊያው ውሃ ረጫት፣ እንደገና ቀዘፈች።

"ከሥር እግሯን ይያዙ! እጅዎን ወደ ክንፎቹ እንዳይሰዱ!" አለ ካሜራማኑ ከዳር ሆኖ።

የድሮኗ ነፋስ የጥበቃዋን ኮፍያ ነጥቆ ውሃ ላይ ጣለው። ድሮኗ ከራሷ በላይ ትንቀጠቀጣለች። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ጥበቃዋ ዓይኗን መመለስ አቃታት፤ ክብ የሆነችው የካሜራዋ ዓይን ቁልቁል ታያታለች፣ እሷም ታያታለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የድሮኗን እግር ያዘች።

ወደ ዳር ስትመለስ ካሜራማኑ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠበቃት። ጀልባውንም ጎተተላት። ሣሩ ላይ ሲቀመጡ ፊልሙን ከፈተ። እህቱ እየሳቀች ታየች። ቀጥሎ ባዶ ውሃ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ የጥበቃ ልብስ የለበሰች አንዲት ሴት ጀልባ ላይ ሆና እንደ እንዝርት ስትሽከረከር።

ጥበቃዋ ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አልሳቀም።

"ቅጂው ለቢሮ ይገባል፣ እትዬ። ቦታዎን መልቀቅዎን አለቃዎ ያያሉ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይህቺን ልቁረጣት?"

ወደ ኩሬው አየች። ኮፍያዋ ኩሬው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

"ተዋት" አለችው። "እናትህ ምንም እንዳትቆርጥ አላሉህም? ይልቅ ወደ ኋላ መልሳትና እንደገና አሳየኝ።"