የሃያ ሦስት ሙሽሮች ፎቶ

ስልኩ ሲንጫረር ነዕማ ከሙሽራዋ ቁርጭምጭሚት ላይ የምታወርደው የሂና ሐረግ ተጣመመ።

«ወላሂ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» አለች ሙሽራዋ ዐርዋ። «ስታበላሺው ሦስተኛሽ እኮ ነው!»

«አስተካክለዋለሁ።»

በጨርቅ ጠረገችው። መልእክቱን ለማወቅ ስልኩን ማንሳት አላስፈለጋትም። ከትናንት ጀምሮ ከማታውቀው ቁጥር የሚመጣው ያው ነው፦ «የዛሬዋን ሙሽራ ፎቶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላኪ። አለዚያ የሌሎቹን አሶሳ ሁሉ ያየዋል።»

ሂና የሚቀባበት ክፍል ወንድ አይገባም። ሴቶቹ ሻሻቸውን ጥለው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው እንደ ልባቸው ይሆናሉ። ነዕማ ሥራዋን ለቀጣዮቹ ሙሽሮች ለማሳየት እጅና እግራቸውን ታነሳ ነበር። «ፊቴንም ጨምሪው» ሲሏት ፊታቸውንም አነሳች፤ ሁሉንም ቴሌግራሟ ላይ አስቀመጠች። ባለፈው ሳምንት አንዱ በሴት ስም ጻፈላት። «ከኩርሙክ ነኝ፤ ለእህቴ ሠርግ ሂና እንድትሠሪ ነው። የሙሽሮች ግሩፕ ላስገባሽ፣ ስልክሽ ላይ የመጣውን ቁጥር ንገሪኝ» አላት። እሷም ሥራ አገኘሁ ብላ ደስ እያላት ነገረችው። ለካ የቴሌግራሟ መክፈቻ ነበር። የሃያ ሦስት ሴቶችን ገመና በገዛ እጇ አስረከበች።

ገንዘብ ቢጠይቃት ያላትን ሁሉ ሸጣ ትሰጠው ነበር። እሱ የሚፈልገው ግን ሌላ ሙሽራ ነው። ጠዋት ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች፤ ፎቶዎቹን ወንዶች ሊያዩአቸው ነው ብላ ፈራች። ለባሏ ለኦመር እንዳትነግረው፣ ከሃያ ሦስቱ አንዷ እህቱ ብኸይታ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ብኸይታ ደግሞ እዚሁ ክፍል፣ ግድግዳ ተደግፋ ትስቃለች። ካገባች ገና ወሯ ነው።

«ዐርዋ፣ ቀልድሽን ተዪና ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለች። «ነዕማ እኔን ስትቀባኝ ትንፋሼን ይዤ ነው የዋልኩት። ባሌ እስከ ዛሬ እግሬን እያየ ይገረማል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ነዕማ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ሂናው አለቀ። ዐርዋ እግሮቿን ዘርግታ ፀጉሯን በትከሻዋ ላይ ለቀቀችው።

«በይ አንሺኝ። ልክ እንደ ብኸይታ።»

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ነዕማ ካሜራውን ከፈተች። አንዲት ፎቶ ብትልክ የዛሬው ያልፍ ነበር። ዐርዋ ስክሪኑ ውስጥ ጥርሷን ገልጣ እየሳቀች ትጠብቃታለች።

ስልኩን ዝቅ አደረገችው።

«ሻሽሽን ልበሺ።»

«ለምን?»

«ልበሺ፣ እህቴ። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ፎቶ አይነሳም።»

ሄዳ ብኸይታ ፊት ተንበረከከች። መልእክቱን ከፍታ ስልኩን እጇ ላይ አኖረችላት። ብኸይታ አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«የእኔም አለበት?»

«አለበት። የቴሌግራሜን መክፈቻ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ብኸይታ ሻሿን ስባ ራሷን ሸፈነች። ስልኩ እጇ ላይ እንዳለ እንደገና ተንጫረረ።

«አንቺው ያዢው» አለች ነዕማ። «ፖሊስ ጋ እንሂድ ካልሽ አብሬሽ እሄዳለሁ። ለኦመርም አንቺ ሳትፈቅጂ አልናገርም። አሁን ግን ያ ሰውዬ ሳይቀድመኝ የሃያ ሁለቱን በር ላንኳኳ።»

በሂና የጠቆረ እጇን ሳትታጠብ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።