አንድ ምት ና፣ ሁለት ምት ቁም

አባቴን ለዓይኑ ሕክምና ሰው አገር ይዤው ሄጄ፣ በመጨረሻው ቀጠሮ ዋሸሁት። ሐኪሙ ወረቀቱን ፈርሞ ሲሰጠኝ፣ «ሁለቱም ዓይኖች ድነዋል፤ ማንበብም መንዳትም ይችላሉ» አለ። አባቴ ቋንቋውን አያውቅም፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ዓይኔን ከቦርሳዬ ሳላነሳ፣ «ድነሃል፤ ማንበብ ትችላለህ» አልኩት። የቀረውን ከወረቀቱ ጋር አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የዓይን ሞራው ሲጋርደው፣ የጭነት መኪናውን ከጎረቤት አጥር ጋር አላትሞት ነበር። ሰው አልተጎዳም። እኔ ግን ቱግ አልኩ፤ በሰው ፊት ቁልፉን ከእጁ ነጥቄ ወስጄ ቤቴ ቆለፍኩበት። አርባ ዓመት ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ድምፅ እየሰማ «የዚህ ፍሪሲዮን አልቋል» ሲል ይውላል። ይበል፣ ዋናው በሕይወት መኖሩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

አገራችን ከመመለሳችን በፊት አንድ ቀን ብሎን ዘንድ ልንውል ሄድን። ብሎን የአባቴ የወጣትነት ባልደረባ ነው። መካኒክ ስለነበር ሾፌሮች ብሎን አሉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ። እሱም በተራው አባቴን «ፍሬን» ይለዋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአገር ወጥቶ፣ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ዓይን የማይጨርሰው የከብት እርባታ አለው።

«ፍሬን! አንተ ሰውዬ አሁንም አልሞትክም?» አለ፣ አባቴን አቅፎ ከመሬት እያነሳው።

«አንተን ሳልቀብር?» አለ አባቴ።

ሚስቱ ዳቦና እንቁላል፣ የሚያቃጥል ወተት አቀረበችልን። ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳንውጥ ግን ከውጭ የብረት ጩኸት ሰማንና ሁላችንም ተያይዘን ወጣን።

የዚያን ቀን አርባ ጊደሮች ለገዢ የሚጫኑበት ቀን ኖሯል። ጊደሮቹ ከንጋት ጀምሮ በረት ውስጥ ተጠጋግተው ቆመው እምቧ ይላሉ። ገዢው የላከው ባለ ተሳቢ መኪና ከብቶቹ የሚወጡበት የእንጨት መወጣጫ ድረስ በኋላ ማርሽ መግባት አለበት፤ ሌላ መግቢያ የለም። መንገዱ በአንድ በኩል የብረት አጥር፣ በሌላ በኩል የውኃ ቦይ ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ ይጣመማል። መንገዱን የሚያውቀው ሾፌር ታሞ፣ የመጣው ምትኩ ነበር። ሰውዬው ሦስት ጊዜ ሞከረ። በሦስተኛው አንዱን የአጥር ቋሚ አጎበጠውና ወርዶ፣ «በእግራቸው ወደ አስፋልቱ አምጧቸው» አለ።

«አርባ ጊደር በእግር? ሠርግ መሰለው እንዴ!» አለ ብሎን። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ጠቁሯል። «ዝናቡ ከጣለ ይሄ መንገድ ጭቃ ነው። ባዶውን ይመለሳል፤ ገዢውም ከሌላ ይወስዳል። የዓመት ልፋቴ ገደል ገባ በሉኝ።»

አባቴ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ቆይቶ፣ «መሪውን ቀድሞ እያዞረ ነው» አለ፣ ለራሱ።

ኮቱን ያዝኩት። «አባዬ፣ ተው።»

ብሎን ግን ሰምቷል። «ፍሬን፣ ዓይንህስ እንዴት ሆነ?»

«ልጄን ጠይቃት። ሐኪሙን የምትሰማው እሷ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። «ማንበብ ይችላል» አልኩ።

«ኧረ ልጄ፣ መኪናውን ያንብብልኝ አላልኩም! ይንዳ ወይ?»

አሥር ዓይነት ሰበብ ምላሴ ላይ ነበር። አባቴ ግን እያየኝ ነው፤ በእነዚያ ገና በጠሩ ዓይኖቹ። «ሐኪሙ አልከለከለም» አልኩ፤ ይቺም እንደ እውነት ትቆጠር እንደሆነ።

አባቴ ጫማውን አወለቀ። ድሮም ተሳቢ የሚነዳው በካልሲ ነው፤ ፍሬኑን በእግሩ ጣቶች ካልሰማው አይሆንለትም። መንገዱን በካልሲው ከዳር እስከ ዳር ተራመደው፤ ድንጋይ ሲያገኝ ወደ ቦዩ ገፋ። መሪው መዞር ያለበት ቦታ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ የአጥሩ ቋሚ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ጋቢና ወጣ። የገዢው ሾፌር እጆቹን አጣምሮ ፈገግ ይላል። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ብሎን ከኋላ ሆኖ የተሳቢውን ጎን አንዴ መታ። ይህ የአባቴ ሕግ ነው፤ አንድ ምት ና፣ ሁለት ምት ቁም። በትምህርት ቤት እረፍት አብሬው ስጓዝ ለእኔም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ «ጩኸትሽን ሞተሩ ይውጠዋል፤ በመዳፍሽ ንገሪኝ» ይለኝ ነበር። መኪናው ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ። ጠማማው ጋ ሲደርስ ተሳቢው ቦዩን ሳይነካ ሲታጠፍ ብሎን ራሱን መቆጣጠር አቃተው፤ በሁለት እጁ ደብደብ አደረገው። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ።

አባቴ ራሱን በመስኮት አወጣ። «ማነው ሁለት የመታው?»

«እኔ ነኝ! ደስ ብሎኝ ነው!»

«ደስታህን ኪስህ ውስጥ ክተት! ልጄ ትምታ።»

ልጁ እኔ ነኝ። ሄጄ ከተሳቢው ጎን ቆምኩ። አንዴ መታሁ፤ መጣ። አንዴ መታሁ፤ መጣ። ከዚያ የተሳቢው ጥግ ከጎበጠው ቋሚ አንድ ስንዝር ሲቀረው እጄ አየር ላይ ቀረ። ሁለት ልመታ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የመታሁት ሁለት ነው፤ ሌላ አላውቅም። በስፖኪዮው ውስጥ የአባቴን ፊት አየሁት። አልፈራም፣ አልቸኮለም፤ እጄን ብቻ ይጠብቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ያ ሰውዬ ተመልሷል። አንዴ መታሁ።

ተሳቢው ቋሚውን ሳይነካ ታጥፎ ገባና መወጣጫውን ዳሰስ አድርጎ ቆመ። በእንጨቱና በተሳቢው መካከል ጣቴ አይገባም ነበር። የብሎን ሚስት እልልታዋን አቀለጠችው። ብሎን ዘለለ፤ በዚያ ዕድሜው! እኔ ያለቀስኩት በደስታም በኩራትም ነው፤ ትንሽ በሐፍረትም። የገዢው ሾፌር ባርኔጣውን ከቋሚው ላይ አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ለአባቴ ሰጠው።

አርባውም ጊደሮች ተጫኑ። ዝናቡ የጣለው መኪናው አስፋልት ከገባ በኋላ ነው። ምሳ ላይ ብሎን ታሪኩን አራት ጊዜ ተረከው፤ በአራተኛው ላይ የአጥሩና የቦዩ መካከል የመርፌ ቀዳዳ አክሏል።

ሳህኖቹ ሲነሱ ወረቀቱን አውጥቼ አባቴ ፊት አስቀመጥኩት። «አባዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አልነገርኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

ሁለት እጁን አንስቶ፣ በሌለ መሪ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነዳ። «ሐኪሙ እንዲህ እያደረገ አሳየኝ፤ አንቺ ወረቀቱን ስታጥፊ። መሪ ደግሞ አስተርጓሚ ይፈልጋል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ሁለት መትተሽ ነበራ፣ ልጄ» አለ። «ሁለት ከመታሽ እቆማለሁ።»

ጠረጴዛውን በመዳፌ አንዴ መታሁት። ከዚያ ባሌ ጋ ደወልኩ፤ የአባቴ መኪና ቁልፍ ከአንሶላዎቹ ሥር እንደሆነና የመኪናውን ባትሪ ዛሬውኑ እንዲያስሞላ ልነግረው።