የእናቴ ድምፅ መርዶ

እናቴ ወለተጻድቅ ኮልፌ ውስጥ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ የምትጠራ አስለቃሽ ነበረች። ሟቹን ባታውቀው እንኳ ከዘመዶቹ አጠገብ ትንሽ ቁጭ ብላ ታዳምጥና፣ ስትነሳ የሠራውን ቤት፣ ያሳደጋቸውን ልጆች፣ የሚወደውን ቀልድ ሳይቀር በግጥም እየጠራች ታስለቅስለታለች። ድምፅዋ ሲጎረንን ሁላችንም ከለቅሶ ብዛት ነው አልን። እሷም በዝንጅብልና በማር ስታባብለው ከረመች።

ሐኪሙ የምርመራዋን ውጤት የነገረው ለወንድሜ ለመኳንንት ብቻ ነው። መኳንንት ከጦር ኃይሎች የሚነሳ ሚኒባስ ይነዳል፤ እሷን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳትም እሱ ነው። ያን ቀን ገና ከመግባቱ፣

"እማዬ፣ ቀላል ነገር ነው። ላሪንክስ የምትባል ነገር ታማብሽ ነው። እሷን ያወጡልሽና ትድኛለሽ" አላት።

"ላሪንክስ?" አለች በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅዋ። "ስሟ ደግሞ ማማሩ! ነጭ ጋዋን የለበሰች ፈረንጅ ነው የምትመስለው። ትውጣ፣ ትውጣ፤ እኔ ጋ ምን ልትሠራ መጣች?"

ሳቅን። ከዚያ በኋላ ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ "ላሪንክሴን ሊያወጡልኝ ነው" ትላለች፣ የተቦረቦረ ጥርስ እንደምታስነቅል ሁሉ።

እኔ ግን ቃሉ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ለምርመራ ሄደን እናቴ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ዙሀራ የምትባል ነርስ ኮሪደሩ ላይ አገኘሁና ትርጉሙን ጠየቅኋት።

"ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ሐኪሞች እንደዚያ ነው የሚጠሩት። በእኛ ማንቁርት ነው" አለችና የራሷን አንገት ነካች። "ድምፅ የሚወጣው ከዚህ ነው።"

"ሲወጣስ?"

ትክ ብላ አየችኝ። "አልነገሯችሁም እንዴ? አንገቷ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ትተነፍሳለች። ትድናለች ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እንደ ድሮው መናገር ግን አትችልም።"

ማንቁርት። እኛ ሰፈር ይህ ቃል የሚሰማው ሰው ሲጣላ ነው፤ "ማንቁርቱን አንቄ" እያሉ ሲፎክሩ። ያ ሁሉ ለቅሶ የሚወጣው ከዚያ መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር።

መኳንንትን ፌርማታው ላይ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አግኝቼ ጮህኩበት።

"ብነግራትስ?" አለኝ መሪውን እንደያዘ። "ድምፄን ከምሰጥ ልሙት ነው የምትለው። አታውቂያትም? ድና ትቆጣኝ። ደግሞ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ ይነገራል? ማን ነው ያሳደገሽ?"

"መርዶ ነጋሪ" አልኩት።

እውነቴን ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞትበት፣ ገና ሳይነጋጋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ከሚያንኳኩት አንዷ እናቴ ነበረች። "ሰው ሐዘኑን መንገድ ላይ አይስማ፤ ተቀምጦ፣ ሰው ከቦት ይስማ" ትላለች። አሁን ግን የራሷን ሐዘን ከሰመመን ስትነቃ ብቻዋን ልታገኘው ነው። "ምን አደረጋችሁኝ?" ብላ የምትጠይቅበት ድምፅ እንኳ ሳይኖራት።

ሐኪም ቤት አልጋ ልትይዝ አንድ ቀን ሲቀራት ጎረቤታችንን እትዬ ፈይዛን አማከርኳቸው። ከእናቴ ጋር ስንቱን ቤት አብረው አርድተዋል። "እንደ ወጉ እናርዳታ" አሉኝ ሳያቅማሙ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እሳቸውና ሌሎች ሴቶች መጡ። መኳንንት በሩ ላይ ቆሞ መንገድ ከለከለ።

"ዞር በል አንተ ልጅ!" አሉት እትዬ ፈይዛ። "እናትህ ሕፃን ናት?"

ዞር አለ።

እናቴ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ስታይ ከአልጋዋ ቀና ብላ ደርቃ ቀረች። "ማን ነው? ማንን ነው የደበቃችሁኝ?"

"ማንም አልሞተም እማዬ።" አጠገቧ ተቀምጬ ጣቶቿን አንገቷ ላይ አኖርኩ። "ላሪንክስ ያሉሽ ይሄ ነው፤ ማንቁርትሽ። ሲወጣ ድምፅሽም አብሮ ይሄዳል።"

ጣቶቿን ሳታነሳ ምራቋን ዋጠች። ማንቁርቷ ከጣቶቿ ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ልጆቼ ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን።"

ወደ በሩ ዞረች። "አንተ ፈሪ፣ ና ተቀመጥ። መርዶ ቆሞ አይሰማም።"

"እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው እማዬ" አለ መኳንንት። ያለቅስ ነበር።

"መቼ እምቢ አልኩ? መጀመሪያ ግን ድምፄን ላልቅሳት።"

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳች። በዚያ በሻከረ ድምፅ፣ ደረቷን እየደቃች፣

"ስንቱን ባንቺ ጠራሁ፣ ስንቱን ባንቺ ሸኘሁ፤
አንቺን የምሸኝበት፣ ሌላ አላገኘሁ።"

ሴቶቹ ተቀበሏት። አላፊ አግዳሚው ሰው የሞተ መስሎት እየገባ አብሮ አለቀሰ። ድምፅዋ ተቆራርጦ ትንፋሽ ብቻ እስኪቀር አልተቀመጠችም። ከዚያ ፊቷን ታጥባ የመኳንንትን ክንድ ያዘች። ስትወጣ ዞር ብላ በዚያው በቀረው ትንፋሽ "ፋሲካ፣ በሩን ቆልፊ" አለችኝ። ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ብቻ አየች። አንገቷን በሻሽ ሸፍና ለቅሶ ቤት መሄዷን ግን አልተወችም። እኔ አጠገቧ እየቆምኩ ማስለቀስ ጀመርኩ፤ ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ሳጋንን፣ ሟቹ ያልነበረውን ስለው፣ እሷ ከታች ሆና ቀሚሴን ትጎትታለች።

የእሷ ድንኳን የተተከለ ቀንም ተነሳሁ። ያን ማለዳ ያለቀሰችውን መልሼ አለቀስኩላት። ከዚያ የራሴን ጨመርኩ፤ እያጋነንኩ፣ እያበዛሁ፣ አንዳንዴም ያልነበራትን እየጠራሁ።

ቀሚሴን የጎተተኝ አልነበረም።